ጥቆማ፦ አንዱ አይኤልአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) አግኝቶ ሌላው ለቀረበት ቤት፣ ምኑ ላይ ገንዘብ ይውጣ?

እንግሊዝ አገር በስኪልድ ወርከር (የሠራተኛ) ቪዛ መጥቶ አምስት ዓመቱን ጨርሶ አይኤልአር ያገኘ ሰው ቤት ውስጥ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ዘግይታ የመጣችው ሚስትስ? (ባልም ከሆነ ሕጉ ያው ነው፣ እኔ እንዲቀለኝ ሚስት እላለሁ።)

ስለ ጠበቃ ከማውራታችን በፊት ስለ መንገዱ እናውራ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ባልየው አይኤልአር ሲያገኝ እሷ የእሱ ዲፔንደንት (በእሱ ቪዛ ሥር የተመዘገበች ቤተሰብ) ከነበረች፣ በዚያው መስመር ቪዛዋን አድሳ የራሷን አምስት ዓመት ሞልታ ታመለክታለች። እሱ ዜግነት ቢወስድም ይህ አይቀርባትም። ሌላው መንገድ ወደ ፋሚሊ ቪዛ መቀየር ነው። እዚያ ግን ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፣ በዲፔንደንትነት የኖረችው ሦስት ዓመት ቢሆን ሦስቱም አይያዝላትም፣ ሁለት ጊዜ የሁለት ዓመት ተኩል ቪዛ ታወጣለች፣ በየዓመቱ 1,035 ፓውንድ የጤና ክፍያ አለ፣ ከዚያ ላይ ለአዲስ አመልካች 29,000 ፓውንድ የገቢ መስፈርት። «እሱ ሴትልድ (ቋሚ ነዋሪ) ስለሆነ አሁን ወደ ሚስት ቪዛ ግቢ» የሚል ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። ፋሚሊ ቪዛ የሚያስፈልገው ለምሳሌ እሱ አይኤልአር ሲያገኝ እሷ በተማሪ ቪዛ ላይ ከነበረች ወይም የተጋቡት ከዚያ በኋላ ከሆነ ነው።

አሁን ወደ ጠበቃው። የማውቃቸው ሰዎች የሞከሩት ሦስት ዓይነት ነው። ሙሉ ጉዳዩን የሚይዝ ሶሊሲተር፣ የአንድ ሰዓት ምክር ብቻ የሚሸጥ ባለሙያ፣ እና «ፎርም እሞላለሁ» የሚል የሰፈር ሰው። ሦስተኛውን እርሱት። ሳይመዘገቡ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት እዚህ አገር ወንጀል ነው፣ ነገር ሲበላሽም የምትከሱት ሰው አታገኙም። ሶሊሲተር ከሆነ ስሙን በሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪው በኤስአርኤ መዝገብ ፈልጉ። አማካሪ ከሆነ ደግሞ በኢሚግሬሽን አማካሪዎች ተቆጣጣሪው በአይኤኤ መዝገብ፤ ድሮ ኦአይኤስሲ የምንለው ነው፣ ስሙ በ2025 ተቀይሯል።

የእኔ ምርጫ? ፋይሉ ንጹሕ ከሆነ ራሳችሁ ሙሉ፣ ከመላካችሁ በፊት አንድ ባለሙያ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይይላችሁ። ሙሉ ሶሊሲተር የሚገባው ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክላችሁ ከሆነ፣ በየትኛውም 12 ወር ውስጥ ከ180 ቀን በላይ ውጭ ከቆያችሁ፣ በቪዛዎቹ መሐል ክፍተት ካለ፣ ወይም ትዳሩ ከተንገራገጨ ነው። ለመፈተን አንድ ጥያቄ በቂ ነው። «የዲፔንደንትነት ጊዜዬ ይቆጠራል ወይ?» በሏቸው። ምን ቪዛ ላይ እንዳላችሁ ሳይጠይቅ የሚመልስ ሰው ጋ ገንዘብ አታስቀምጡ።

ለአይኤልአር የሚጠየቀው እንግሊዝኛ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ነው፣ መናገርና ማዳመጥ ብቻ። ትሪኒቲ የሚባለው ፈታኝ ድርጅት ጋ ጌሴ ግሬድ 5 የሚባል ፈተና አለ፣ ከፈታኙ ጋር ብቻችሁን ታወራላችሁ፣ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። አይኤልትስ ላይፍ ስኪልስ የሚባለው ሌላው ፈተና ላይ ግን ከሌላ ተፈታኝ ጋር ጥንድ ሆናችሁ ነው። ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ትሪኒቲን እመርጣለሁ፤ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ዝም ቢል እናንተም ትደናበራላችሁ። ተራውን አካዳሚክ አይኤልትስ ግን በስህተት እንዳትይዙ። አገር ቤት በዲግሪ የተመረቀ ደግሞ ፈተናውን ሊዘለው ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ያስተማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የውጭ ዲግሪን የሚመዝነው ተቋም ኤክቲስ ዲግሪውን አይቶ ማረጋገጫ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ የሚባለው ስለ አገሩ የሚጠይቅ ፈተና 50 ፓውንድ ነው፣ 24 ጥያቄ በ45 ደቂቃ፣ 18 ካገኛችሁ አልፋችኋል። የሚያስፈልጋችሁ ሦስተኛው እትም ኦፊሴላዊ መጽሐፍና ነፃ የልምምድ ጥያቄዎች ናቸው፤ በየወሩ የሚያስከፍሉት አፖች ያንኑ ነው የሚደግሙት። ውጤቱ ጊዜው አያልፍበትም፣ ስለዚህ አሁኑኑ ተፈትናችሁ ተገላገሉት። ቦታ መያዝ በመንግሥት ድረ ገጽ ብቻ።

ትርጉም ላይ አትሰስቱ። የጋብቻ ሰርተፍኬቱ አማርኛ ብቻ ከሆነ፣ የተረጎመው ሰው ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን ጽፎ፣ ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ፊርማና አድራሻ ማኖር አለበት። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቃችሁ ጎበዝ ልጅ በነፃ ቢተረጉምላችሁ ደስ ይላል፣ ግን ለዚህ ድርጅት ይሻላል። አብሮ መኖርን የሚያሳየው ማስረጃ ላይ ደግሞ የኛ ሰው ይቸገራል፤ ካውንስል ታክሱም (የአካባቢው አስተዳደር የቤት ግብር) መብራቱም ኪራዩም በባልየው ስም ብቻ ይሆናል። ዛሬውኑ ስሟን አስገቡ። ከጂፒ (ከሰፈር ሐኪም) የሚመጣ ደብዳቤም ይረዳል።

የአይኤልአር ማመልከቻው ክፍያ በኤፕሪል 2025 ወደ 3,029 ፓውንድ ገብቶ ነበር፣ ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ዋጋ እዩ። አምስት ዓመቱ ሊሞላ 28 ቀን ሲቀረው ማመልከት ይቻላል። መንግሥት በሜይ 2025 አምስቱን ዓመት ወደ አሥር የማሳደግ ሐሳብ ስላወጣ፣ ደንቡን ከወሬ ሳይሆን በቀጥታ ከመንግሥት ድረ ገጽ አንብቡ፣ ጊዜው የደረሰ ሰውም አያዘግይ።

በመጨረሻ ፍጥነቱ። 500 ፓውንድ ጨምሮ ፕራዮሪቲ፣ 1,000 ጨምሮ ሱፐር ፕራዮሪቲ አለ። ቤት ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ገንዘቡን አያወጣም። ነገር ግን ማመልከቻው ሳይወሰን ከአገር ከወጣችሁ እንደተተወ ይቆጠራል። ስለዚህ አገር ቤት የታመመ ወላጅ ያለው ሰው ቢከፍለው አልፈርድበትም፤ ሰርግ ከሆነ ግን ትኬቱ ይቆይ።