ከአዳር በኋላ ያለው ሰዓት የማን ነው? የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተስማማንበት ነገር አንድ ነው። ረጅም ሰዓት ወይም አዳር የሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ቀጥሎ የሚያርፍበት ሰዓት በጽሑፍ ይረጋገጥለት የሚል ሐሳብ ለየመሥሪያ ቤቶቻችን ኃላፊዎች እናቀርባለን። የምንጽፈው አቤቱታ አይደለም። አቤቱታማ ስንጽፍ ኖረናል፤ መዝገብ ቤት ገብቶ አቧራ ይጠጣል። የምንፈልገው ኃላፊው አንብቦ «ይህንማ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ልሠራበት እችላለሁ» የሚለው ወረቀት ነው። ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ።

መነሻ እንዲሆን ይህችን ጽፌአለሁ፦ «ከመደበኛው ሰዓት በላይ የሠራ ሠራተኛ በቂ ዕረፍት እንዲያገኝ ይደረጋል።» እንደ ልባችሁ ተቹት።

ነርስ (ድንገተኛ ክፍል)፦
ይህችን የማይቀበል አለቃ የለም። ሁሉም «በቂ ዕረፍት ሰጥቻለሁ» ይላል። ሰዓቱ በቁጥር ይቀመጥ።

እኛ ጋ አዳር ዲዩቲ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል ይባላል። ይባላል ነው የምለው። ርክክብ አለ፣ ራውንድ አለ፣ ሌሊት ያልተሞላ ካርድ አለ። ከግቢ ስወጣ 5 ሰዓት ይሆናል። ገና ጋደም ከማለቴ ስልክ ይጮኻል፤ «ሰው ጎድሎብናል፣ ከሰዓት ትገቢልን?» እምቢ ማለትማ ይቻላል። የሚቀጥለው ወር ድልድል ሲወጣ ግን የእምቢታሽን ዋጋ ታይዋለሽ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት መድኃኒት በስሪንጅ ልስብ ብልቃጡን አነሳሁ። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊደሉ ይታየኛል፤ ምን እንደሚል ግን አይገባኝም። ብልቃጡን አስቀመጥኩና ጓደኛዬን ጠርቼ እሷ ሰጠች። ይህ ስንፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው እኩል እንደሚወርድ አሳይቷል። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ሰክራ የመጣች ነርስ ብትኖር ከበር ይመልሷት የለ? የደከመችውን ግን ደውለው ነው የሚጠሯት።

የአምቡላንስ ሹፌር፦
እውነትሽን ነው ልጄ። እኔ የማውቀው መንገዱን ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወላድ ጭነሽ ስትመጪ ደግሞ እንደ ልብ አይነዳም። ደርሶ መልሱ ሌሊቱን ይበላዋል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉም ሲወርድ መስኮት ከፍቼ ፊቴን በብርዱ አስመታለሁ። እንቅልፉ ግን አይሄድም፤ ትንሽ ዘግየት ይላል እንጂ።

ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የትርፍ ሰዓቱ ብር ባይኖር የቤት ኪራይ አልከፍልም። «ዕረፍት ተሰጥቶሃል» ተብሎ ብሩ የሚቀር ከሆነ እኔ አልፈርምም። ብዙዎቻችሁም በልባችሁ እንደዚያው ናችሁ፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ጠፍቶ ነው።

የሒሳብ ባለሙያ፦
ጋሼ ሥሩን ነክተውታል። እኔ የአበል ሠንጠረዥ ስሠራ በየወሩ የማየው ይህንን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ ደንግጎ፣ ትርፍ ሰዓት የሠራ ሠራተኛ እንደ ምርጫው ማካካሻ ዕረፍት ወይም ክፍያ ያገኛል ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አዋጅ ተተክቷል፤ እኛም የምንተዳደረው በክልሉ ነው። አስተሳሰቡ ግን በየቢሮው ሥር ሰዷል። ዕረፍት ራሱ እንደ ገንዘብ ይመነዘራል። ብር የመረጠ ሰው ዕረፍቱን ሸጠ ማለት ነው። በዚህ ኑሮ ደግሞ ዕረፍት የሚመርጥ ማን አለ?

ስለዚህ ሁለቱን እንለያቸው። ክፍያው ለተሠራው ሥራ ነው፤ ይከፈል። ዕረፍቱ ደግሞ ለሚቀጥለው ሥራ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ በሠራተኛው ፈቃድም ቢሆን አይሸጥም።

የአምቡላንስ ሹፌር፦
እንዲህ ከሆነ ይሁን። ግን «አይሸጥም» የምትለዋን ሌሎቹም ይስሟት፤ ኋላ እኔን እንዳትወቅሱኝ።

የሕግ ባለሙያ፦
ለመከራከሪያ የሚሆነን ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ ትርፍ ሰዓትን በቀን 4 ላይ ያቆመዋል። ሲደመር 12 ነው፤ የቀረው 12 የሠራተኛው ነው ማለት ነው። በሳምንትም ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት አለ። አዋጁ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም። መጠየቅ ግን እንችላለን፤ ለፋብሪካ ሠራተኛ ያሰበ መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ለምን ያንሳል?

ከውጭ ካስፈለገ የአውሮፓ ኅብረት የ2003 (እ.ኤ.አ.) የሥራ ሰዓት መመሪያ በየ24 ሰዓቱ ቢያንስ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ያዛል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የነርሶች ምክረ ሐሳብ ቁጥር 157 (1977 እ.ኤ.አ.) በፈረቃና ፈረቃ መካከል ቢያንስ 12 ሰዓት ይላል።

የውሃ መስመር ጥገና፦
የፈረንጅ ሕግ ከፊት ባናስቀድም ይሻላል። «እነሱ ሰው አላቸው» ብለው ይዘጉታል። የራሳችን ሕግ ይቅደም፣ ሌላው በአንድ መስመር ይለፍ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጥምቀት ሰሞንን አስቡት። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፣ ጥር 12 የሚካኤል ታቦት እስኪገባ ድረስ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ገንዳው በቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላ እንጂ ሆቴሉ፣ ጤና ጣቢያው፣ የእንግዳው ሁሉ ቤት የሚጠጣው ከቧንቧ ነው። ቧንቧ ደግሞ እንደ ተመካከረ ሁሉ የሚፈነዳው ያኔ ነው። ሦስቱን ቀን ቤቱ ሳይገባ የሚከርም ሰው አለ። 11 ሰዓት ካላረፍኩ አልነሳም ብል ሰፈሩ ውሃ አጥቶ ያድራል። ለድንገተኛ ሥራ ክፍተት ተዉ።

የጽዳት ሠራተኛ፦
ጥምቀት ድንገተኛ ነው እንዴ? ጥር 11 ከየት መጣ ይባላል? ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ይታወቃል። ክፍተት ብለን ከጻፍን ለበዓሉም፣ ለስብሰባውም፣ እንግዳ በመጣ ቁጥርም «ድንገተኛ ነው» እየተባለ ነው የምንሠራው።

ደግሞ እኛን ረሳችሁን። ሕዝቡ ጨፍሮ ሲገባ ነው የእኛ ጥምቀት የሚጀምረው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጥተን ፀሐይ እስኪከር እንጠርጋለን፣ ማታ ደግሞ ለቀጣዩ ቀን እንጠራለን። 11 ሰዓት ስትሉ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? እኔ ቤቴ አዘዞ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ብለቀቅ ባጃጅ የለም፤ ካለም የሚጠይቀው ዋጋ የቀኔን ገቢ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዘበኛ ቤት ጥግ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ አድራለሁ። በእነሱ ወረቀት ላይ ግን ያ ሌሊት «ዕረፍት» ነው። ቤት ስገባም ሊጥ ይጠብቀኛል፤ እሱን ለማንም አልናገርም፣ የራሴ ጣጣ ነው።

ነርስ፦
እትዬ ያሉት ይጻፍ። ቆጠራው ፈረቃው ያልቃል ከተባለበት ሰዓት ሳይሆን ሠራተኛው ፈርሞ ከወጣበት ይጀምር። ማታ ትራንስፖርት በሌለበት ሰዓት የሚለቅቅ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰርቪስ ያቅርብ፤ ካልቻለም ሠራተኛው እዚያ ያደረበት ሰዓት ከዕረፍቱ አይቆጠር።

ጥበቃ፦
እንግዲያው የእኛንም አንሱ። 24 ሰዓት ቆመን «ታድራላችሁ እንጂ አትሠሩም» ይሉናል። በሩ ሌሊት ሰባት ጊዜ ሲንኳኳ ማን ነው የሚከፍተው?

የሕግ ባለሙያ፦
ይህ ክርክር ሌላም አገር ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በስፔን ሐኪሞች ጉዳይ፣ በጤና ጣቢያው ተገኝቶ ተረኛ ሆኖ መጠበቅ ሙሉ በሙሉ የሥራ ሰዓት ነው ብሎ ወስኗል። በ2003 በጀርመን ሐኪም ጉዳይ ደግሞ፣ ሐኪሙ ሆስፒታሉ በሰጠው ክፍል ቢተኛም ሰዓቱ ሥራ ነው አለ። ማካካሻ ዕረፍቱም ወዲያው እንዲከተል እንጂ እየተጠራቀመ እንዳይቆይ አዟል። የፈረንጅ ነው ብንልም አመክንዮው ለእኛ ዘበኛም ይሠራል። በሥራ ቦታ ታስሮ ያደረ ሰው ሥራ ላይ ነው።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦
እስካሁን ዝም ያልኩት ተጠያቂው ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ ነው። የጻፋችሁት ሁሉ ትክክል ነው። ግን ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ማን ይተካ?» ነው። ለዚህ መልስ ከሌለው ኃላፊው በሁለት ደቂቃ ይጥለዋል። ቅጥር ጠይቁ እንዳትሉ፤ መደቡ ቢኖር በጀቱ የለም።

በእኔ ልምድ ትልቁ ብክነት ድልድሉ ነው። ፕሮግራሙ የሚለጠፈው ወሩ ከገባ በኋላ ነው። ሰው ሲጎድል ደግሞ የሚደወለው ስልክ ለሚያነሳው ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ያቺው አንዷ ትጠራለች፣ ስልኳን የምትዘጋዋ ታርፋለች። ወሩ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ይለጠፍ፤ በእያንዳንዱ ፈረቃ ሥር የተጠባባቂው ስም ይጻፍ። አዳር የወጣ ሰው ስም ከተጠባባቂ ዝርዝር ውጭ ይሁን። ይህ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁሉም ኃላፊው የሚፈርምላችሁ ይህችኛዋን ነው።

የሒሳብ ባለሙያ፦
እሷ ከወጣች ግማሹ ሥራ አለቀ። አንድ ልጨምር፦ አዳር የሠራ ሰው የሚያርፍበት ቀን መደበኛ የሥራ ቀን ላይ ከዋለ ደመወዙ እንዳይነካ፣ ከዓመት ፈቃዱም እንዳይቀነስ። እኔ የማውቀው መሥሪያ ቤት «ትናንት አልገባህም» ብሎ ከዓመት ፈቃድ ሲቆርጥ አይቻለሁ። ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ጄኔሬተር ሲጠግን ያደረ ነበር።

አስተባባሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የኔይቱን ዓረፍተ ነገር ጥያታለሁ። የተነጋገርነውን እንዲህ አሰባስቤዋለሁ፤ ቃሉን አስተካክሉ፦

«ትርፍ ሰዓት የሠራ ሠራተኛ የሚገባው ክፍያ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከማንኛውም ፈረቃ በኋላ ቢያንስ 11 ተከታታይ ሰዓት ያርፋል። አዳር ወይም ከ16 ሰዓት በላይ የሠራ 24 ሰዓት ያርፋል። ቆጠራው ሠራተኛው ፈርሞ ከወጣበት ይጀምራል። በሥራ ቦታ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ሰዓቱ እንደ ሥራ ይቆጠራል። ዕረፍቱ በክፍያ አይለወጥም፤ ከደመወዝም ከዓመት ፈቃድም አይቀነስም።

የሥራ ፕሮግራም ከሁለት ሳምንት በፊት ከተጠባባቂ ስም ጋር ይለጠፋል። አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል አደጋ ሲያጋጥም የቅርብ ኃላፊው ምክንያቱን ጽፎና ፈርሞ ሠራተኛውን ሊያቆይ ይችላል፤ የተጓደለው ዕረፍት ሥራው እንዳበቃ ወዲያው ይሰጣል። ቀናቸው የታወቁ በዓላት አደጋ ተብለው አይቆጠሩም፤ ለእነሱ የተለየ ድልድል ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይወጣል።»

ለነርሶች 12 ሰዓት ይሁን ወይስ እንደ ሌላው 11 የሚለው አልተቋጨም። እኔ አንድ ቁጥር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሁለት ቁጥር ሲኖር ክርክር ይበዛል።

ነርስ፦
11ን እቀበላለሁ፤ 24ቱ እንዳይነካ እንጂ። እኛን የሚጎዳን አዳሩ ነው።

የውሃ መስመር ጥገና፦
«ምክንያቱን ጽፎና ፈርሞ» የሚለው ደስ ብሎኛል። በስልክ «ና» ማለት ቀላል ነው፤ ፊርማ ሲመጣ ሰው ያስባል። የጥምቀቱንም ተቀብያለሁ፣ እትዬ ረታችሁኝ።

ጥበቃ፦
24 ሰዓት ቆሜ 24 ሰዓት ካረፍኩ በሳምንት ስንት ይሆናል? ከ39 አያልፍም ወይ?

የሒሳብ ባለሙያ፦
ያልፋል ጋሼ። አንድ ሳምንት 72፣ ሌላው 96 ይመጣል። የእናንተ ጉዳይ ዕረፍት በመጨመር ብቻ አይፈታም፤ ፈረቃው ራሱ ለሦስት መከፈል አለበት። በተለየ አንቀጽ ይግባ፤ እዚህ ከጨመቅነው ሁለቱንም እናጣለን።

አስተባባሪ፦
ተስማምቻለሁ። የጥበቃዎቹን ለብቻ እንይዛለን፤ አሁን ያለውን ፈረቃ በወረቀት ጽፋችሁ ላኩልኝ። የሕግ ባለሙያችን የክልሉን አዋጅ ስለ ትርፍ ሰዓት የሚለውን አንቀጽ ቃል በቃል ያምጣልን፤ የፌዴራሉን ብቻ ጠቅሰን ብንሄድ ያሳፍረናል። የሰው ሀብት ባለሙያችን የአንድ ወር ናሙና ድልድል ትሥራልን፣ ስም ሳይኖርበት። ነርሶች ካላችሁበት ክፍል የሁለት ሳምንት የመግቢያና የመውጫ ሰዓት መዝግቡ፤ የተባለውን ሳይሆን የሆነውን። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ፣ በተለመደው ቦታ።

የአምቡላንስ ሹፌር፦
ቅዳሜ ተረኛ ነኝ፣ ካልደረስኩ እንዳትጠብቁኝ። ስለ ክፍያው ያለው ግን መጀመሪያ ላይ እንደሆነ ይቆይ። ወደ ታች ካወረዳችሁት ሹፌሮቹ ሳያነቡት ይመልሱታል።

አስተባባሪ፦
መጀመሪያው መስመር ላይ ነው ጋሼ፣ አይነካም። ተራዎ ላይ ከሆኑ ወረቀቱን ለፊርማ እኔው ይዤልዎት እመጣለሁ።