ከቸርች ወጣሁ፣ ፍርሃቱ ግን አልወጣልኝም፤ እንዴት አደረጋችሁ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ሃይስኩል ሆኜ ጌታን ከተቀበልኩ ጀምሮ በአንድ ቸርች ነው ያደግኩት፤ ኳየር ነበርኩ። እዚያ ቤት ሥራ መቀየርም ሆነ ማግባት «መንፈሳዊ አባታችን» ካልፈቀደ አይሆንም። «ከጌታ አይደለም» የሚል ቃል መጣ ተብሎ ከእጮኛዬ ተለያየሁ። ከአሥራት ሌላ «ዘር» እየተባለ ገንዘብ ተበድሬ እስከ መስጠት ደረስኩ። በመጨረሻ ለብቻው የተናዘዝኩት ነገር መድረክ ላይ እንደ ትንቢት ተነገረ፤ ስሜ ባይጠራም ሰው ሁሉ እኔ መሆኔን አወቀ። ያኔ ወጣሁ።

ልክ እንዳደረግሁ አውቃለሁ። ግን እሁድ ጠዋት ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል። ራሴን ትንሽ ካመመኝ «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለው ጥቅስ ይመጣብኛል፤ «አባታችን» ጥለውት የወጡ ሰዎች እንዴት እንደሞቱ ሁሌ ይነግረን ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት የምሰማው የሱን ድምፅ ነው። እናቴ አሁንም እዚያው ናት፤ «ተመለሺና ይቅርታ ጠይቂ» ትለኛለች። ጌታን አልተውኩም፣ መጸለይ ግን አቃተኝ።

የቀድሞ ዘማሪ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ከስልክሽ ጀምሪ። ከኳየሩም ከቤት ኅብረቱም የቴሌግራም ግሩፕ ዛሬውኑ ውጪ። ሌሊት «ጌታ ስላንቺ አሳየኝ» የሚል የድምፅ መልእክት እየደረሰሽ እንቅልፍ አይታሰብም። «መጥተሽ እንነጋገር» ካሉሽ ብቻሽን አትሂጂ። አራት መሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል ብቻዋን የገባች ልጅ ይቅርታ ጠይቃ ነው የምትወጣው። «ወስኜ ወጥቻለሁ፣ ለስብሰባ አልመጣም፣ ሰላም ሁኑ» ብለሽ ጻፊና ተዪው። ምክንያት ከዘረዘርሽ ክርክር ይከፈታል።

የተበደርሽውን ለአበዳሪዎችሽ ቀስ እያልሽ ትከፍያለሽ። ገና ያልሰጠሽው «ቃል የገባሽው» ዘር ካለ ግን ዕዳ አይደለም፣ አትክፈዪ። ጳውሎስ ራሱ «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ብሏል።

ሲስተር፦ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። እሁድ ጠዋት የሚሆንብሽ እርግማን አይደለም። ለዓመታት ቅጣት እንዲጠብቅ የተደረገ ሰውነት አደጋው ካለፈ በኋላም ይደነግጣል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ይመጣል፣ የምትሞቺ ይመስልሻል። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ነክቶ ይወርዳል። ሲጀምርሽ እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ፣ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ከሳብሽበት በረዘመ ጊዜ ቀስ ብለሽ አውጪ። እሁድ ጠዋትን ባዶ አትተዪው፤ ከሰው ጋር የሚያውልሽ ነገር ያዢ።

እንቅልፍና ምግብ ለሁለት ሳምንት ያህል ከተዛባብሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ያኑ ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ እዚያ በተመላላሽ ታይቶ ቤቱ የሚገባው ግን ብዙ ነው፤ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። «ተፈውሳችኋል» ተብላችሁ መድኃኒት ያቋረጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መጣል ሊያመጣ ይችላል፤ ይገድላል። የኤችአይቪም፣ የስኳርም፣ የደም ግፊትም እንዲሁ በቃል አይቆምም።

ጋሼ፦ ልጄ፣ በደርግ ጊዜ ቸርቻችን ተዘግቶ በየቤቱ ተደብቀን ስንሰበሰብ ያመንኩ ሰው ነኝ። ያኔ መሪ ማለት ከኛ ቀድሞ የሚታሰር ነበር። ስለዚህ የደረሰብሽን ሳነብ አንጀቴ ነው ያረረው።

የሚያስፈራሽን ጥቅስ ግን አብረን እንየው። መዝሙር 105 የሚያወራው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው፤ ቁጥራቸው አነስተኛ ሆኖ ከአገር አገር ሲንከራተቱ እግዚአብሔር ነገሥታትን «አትንኳቸው» አላቸው። ጥበቃው ለስደተኛው ነበር፣ ጉልበተኛው እንዳይነካው። ሰባኪ አይጠየቅም የሚል የት አለ? ዳዊትም ቢሆን «የተቀባ» ብሎ ሳኦልን አልገደለውም፤ ግን ከዋሻው ወጥቶ ከሦስት ሺህ ሰው ጋር ለመጣው ንጉሥ በደሉን ፊት ለፊት ነገረው። ሳኦል አልቅሶ ሲመለስ ዳዊት አብሮት አልሄደም፤ ወደ አምባው ወጣ። ይቅር ማለት ሌላ፣ መመለስ ሌላ ነው። ያልተፈጸመ ትንቢት የተናገረውንም ዘዳግም 18 «አትፍራው» ነው የሚልሽ።

ብቻሽን ግን አትቆዪ፤ ጤናማ ኅብረት ቶሎ ፈልጊ።

የሐዋሳ ልጅ፦ ጋሼ ያሉትን አከብራለሁ፣ «ቶሎ» በሚለው ላይ ግን አልስማማም። ቁስሉ ሳይደርቅ ሌላ ቸርች የገቡ ጓደኞቼ ሌላ «አባት» ነው ያገኙት። ጊዜ ውሰጂ፤ የሚያዳምጡሽ ሁለት ሰዎች ለጊዜው ይበቃሉ። መሄድ ሲያምርሽ በሩ አጠገብ ተቀመጪ፣ ስልክ ቁጥርሽን አትስጪ። ሒሳቡን ማን ነው ኦዲት የሚያደርገው? መሪው ሲሳሳት ሽማግሌዎች ማረም ይችላሉ? አንድ ነገር «አልችልም» ስትዪ ፊታቸው ይለወጣል? ይህን ሳታዪ አባል አትሁኚ።

ለድምፁ እኔን የረዳኝ ትርጉም መቀየር ነው። የኛ ሰባኪ ይሰብክ የነበረው ከ1954ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ስለነበር አዲሱን መደበኛ ትርጉም ገዛሁ፤ ከሉቃስ ጀምሬ በራሴ ድምፅ ጮክ ብዬ ጥቂት ጥቂት አነብ ነበር። ጸሎት ካቃተሽ አትታገዪ። ዝም ብለሽ ብትቀመጪም አይቆጣሽም።

እናትሽ የምትሰማው ያንኑ ስብከት ነው፤ ስለፈራችልሽ ነው። «እማ፣ ስለ ቸርቹ አናውራ፣ ሌላውን ሁሉ እናውራ» በያት። ሄደሽ ቡና ጠጪ፣ ወሬው ሲነሳ ተሰናበቺ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሂጂ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከግሩፖቹ ወጥቻለሁ። የዳዊትን ታሪክ ስንቴ ተሰብኮልኛል፣ በዚህ በኩል ግን አይቼው አላውቅም ጋሼ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ኳየር ውስጥ የቀረች ጓደኛዬ ተደብቃ ትጽፍልኛለች፣ እሷም ፈርታለች። ምን ልበላት?

ሲስተር፦ መልሺላት። ግን «ውጪ» አትበያት፤ ማዘዝ በዝቶባታል። «በፈለግሽው ሰዓት ደውዪ፣ የነገርሽኝ ከእኔ አይወጣም» በያት፤ መልእክቶቹን ከስልኳ እንድታጠፋም ንገሪያት። የምትወጣበት ቀን ከመጣ ማደሪያ ያስፈልጋት ይሆናል፤ እሱን ከአሁኑ አስቢበት።