ክርክር፦ ኢዛቤልን ያሳሳታት ልብ ወለድ ነው?

አወያዩ፦ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1837 እስከ 1901) በእንግሊዝ ልብ ወለድ ወጣት ሴቶችን ያበላሻል የሚል ስጋት ነበር። የዘመኑ ደራሲዎችም ስለ አንባቢዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ድርሰቶቻቸው ስጋቱን ያጸኑታል ወይስ ያፈርሱታል?

አንዲት እናት፦ ያጸኑታል። ሜሪ ኤልዛቤት ብራደን በ1864 ያሳተመችውን «የሐኪሙ ሚስት» እናንሳ። ኢዛቤል ልብ ወለድ በልብ ወለድ ላይ ስታነብ አደገች፤ ከዚያ ደግ ግን ምናብ የሌለው የገጠር ሐኪም አገባች። ባሏ ከምታውቃቸው ጀግኖች አንዱንም አልመስል አላት። ግጥም የሚጽፍ ባለርስት ሲመጣ ልቧ ወደ እርሱ ሄደ። ደራሲዋ የንባብ ጠላት አይደለችም፤ እንጀራዋ ልብ ወለድ ነበር። እርሷ ይህን ካየች፣ እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ የምታነበውን ብመርጥላት ምን ነውር አለው?

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦ እህቴ፣ ስጋትዎን አልንቅም፤ ነገር ግን ታሪኩን መካከሉ ላይ አቆሙት። ባለርስቱ አብረን እንኮብልል ሲላት ኢዛቤል ደንግጣ እምቢ አለች። እርሷ የምታልመው ከመጻሕፍት የቀዳችውን ንጹሕ ፍቅር ነበርና ያው ንባቧ ጠበቃት ማለት ይቻላል።

ደግሞ ከ1847ቱ የሻርሎት ብሮንቴ ልብ ወለድ «ጄን ኤር» መክፈቻ የበለጠ ምስክር የት ይገኛል? የአሥር ዓመቷ ወላጅ አልባ ጄን ከመጋረጃ ጀርባ ተሸሽጋ ስለ ወፎች የተጻፈ መጽሐፍ ታገላብጣለች። የአክስቷ ልጅ ጆን አገኛት፤ ጥገኛ ስለሆነች መጽሐፎቻቸውን መንካት እንደማይገባት ነገራት። ከዚያ ያንኑ መጽሐፍ ወርውሮ ራሷን ፈነከታት። መጽሐፍ በዚያ ቤት ሰው ያቆሰለው በልጁ እጅ ተወርውሮ ነው! ጄን በዚያች ቅጽበት ስለ ሮማ ታሪክ ያነበበችው ትዝ አላትና ጆንን ከሮማ ነገሥታት ጋር አመሳሰለችው። በዚያ ቤት የሚፈጸምባትን ግፍ በስሙ ለመጥራት ቃል ያገኘችው ከንባብ ነው። ይህን ገጽ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

አንዲት አርታኢ፦ መምህር፣ መጻሕፍትን ሁሉ ንጹሕ አደረጓቸው። የጆርጅ ኤልየት ማጊ ተሊቨርን ምን ሊሏት ነው? በ1860 በወጣው «በፍሎስ ወንዝ ዳር ያለው ወፍጮ» አባቷ ከስሮ ቤቱ ባዶ ሲቀር፣ የአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን መነኩሴ ቶማስ አ ኬምፒስ የጻፈው፣ ራስን መካድ የሚያስተምር መጽሐፍ እጇ ይገባል። ምኞቷን ሁሉ ለመግደል ቆርጣ ንባቧን በሦስት መጻሕፍት ወሰነች። ጓደኛዋ ፊሊፕ ራስሽን እያደነዘዝሽ ነው ብሎ ይሟገታታል። እንግዲህ ይህ ማንም እናት ደስ ብሏት የምትሰጠው መንፈሳዊ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ምርጫ ብቻውን አያድንም፤ ንባብም ሁልጊዜ አይፈውስም።

ጡረታ የወጣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦ ምርጫው በተግባር ታይቷል። ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ 31 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ሲሸጥ፣ የትልቅ አከራይ ቤተ መጻሕፍት ባለቤት የነበረው ቻርልስ ሙዲ በዓመት 21 ሺሊንግ ክፍያ መጻሕፍት ያከራይ ነበር። በዚህ ምክንያት ሙዲ ያልገዛው ድርሰት ብዙ አንባቢ ለማግኘት ይቸገር ነበር። ደራሲው ጆርጅ ሙር እንደጻፈው፣ ሁለት የገጠር ሴቶች ቅር ስለተሰኙ ብቻ የራሱ ልብ ወለድ በሙዲ ቤት ከስርጭት ታግዷል። የሁለት ሰው ቅሬታ ለአገር ሁሉ በር ዘጋ።

እናት፦ ሙዲን አልደግፍም። ስለ ማጊ የተባለውንም ተቀብያለሁ፤ አስቤው አላውቅም ነበር። መምህር ግን መካከሉ ላይ አቆምሽ አሉኝ። ኢዛቤል እምቢ እስክትል ድረስ ስንት ቀን በሐሳብ ብቻዋን ውላለች! ባሏ አብሯት እየኖረ አላወቀም። እርስዎ መጨረሻውን አንብበው ያረፉትን ያህል እኔ ማረፍ አልችልም፤ ልጄ አሁን ያለችው መካከሉ ላይ ነው።