የ1971 ኤምጂቢ ዝገት በልቶብኛል፤ በትንሽ ገንዘብ ከየት ልጀምር?

ጀማሪው፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ1971 ሞዴል ኤምጂቢ የሚባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና እጄ ገብቷል፤ ሸራ ጣሪያ ያለው ባለ ሁለት ወንበሩ። ለዓመታት ቆሞ የኖረ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ጠጋ ሲሉ ነው ጉዱ የሚወጣው። በሁለቱም በሮች ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ተሸካሚ ብረት በካቻቢቴ ስነካው ይበሳል። በሾፌሩ በኩል ወለሉ ላይ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ከመቀመጫው ኋላ ያሉት ሁለቱ የባትሪ ሣጥኖች ታች የሚባል ነገር የላቸውም። ሞተሩ ተጣብቋል፣ አይዞርም። የፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ ወለል ድረስ ይወርዳል።

ብየዳ ትንሽ ትንሽ እችላለሁ፤ የአጥር ብረትና በር በይጃለሁ። ቀጭን ላሜራ ግን ነክቼ አላውቅም። ገንዘቡ በየወሩ ከደሞዝ የሚተርፈው ነው፣ አንዳንድ ወር እሱም የለም። ሐሳቤ መጀመሪያ ሁሉንም ፈታትቼ ቦዲውን ባዶ ማስቀረት፣ ከዚያ ቀለም ማስቀባት፣ ሞተሩን መጨረሻ ላይ ማየት ነው። ቅደም ተከተሉ ያስኬዳል? የቱን ራሴ ልሥራ፣ የቱን ለባለሙያ ልስጥ? ነው ወይስ ጭራሽ ለዕቃ ልሽጠው?

ቁልፍ 13፦

ወንድሜ፣ እባክህ አትፈታታው! ተፈታቶ በካርቶን ተሞልቶ የሚሸጥ መኪና የበዛው ለምን ይመስልሃል? ሁሉም እንዳንተ ነው የሚጀምሩት። ገንዘቡ መሐል ላይ ሲያልቅ የየትኛው ቡሎን የየት እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም።

መጀመሪያ በሽታውን እወቅ። ትንሽ መዶሻ፣ ካቻቢቴና ማግኔት ይበቃሃል። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በቦዲው ላይ አስኪደው። የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው። መዶሻውን ቀስ አድርገህ እያንኳኳህ ስማ፤ ደህና ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ የምፈራልህ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ የኋላ ባሌስትራዎቹ (ክብደቱን የሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች) ከፊት በኩል የሚያዙበት ነው። ሁለተኛው የፊት መስታወቱ እግር ሥር ያለው ብረት።

ከዚያ የበሩን ፈተና ሥራ። መኪናውን በጎኑ በክሪክ ትንሽ አንሳና በሩን ክፈትና ዝጋ። እንደ ልብ ከተከፈተ ጥሩ ነው። ከያዘ ወይም ከላይ ያለው ክፍተት ከተለወጠ ቦዲው እየታጠፈ ነው ማለት ነው። ይህ መኪና ለብቻው ሻንሲ (ቦዲውን ከሥር የሚሸከም የብረት አጥንት) የለውም። ጣሪያም ስለሌለው ጭነቱን የሚችለው ያ ከበር ሥር ያለው ተሸካሚ ነው።

ቀጭን በጀት፦

እኔ ደስ የማይል ነገር ልናገር። በትንሽ ገንዘብ የሚታደስ መኪና ማለት ሲገዛም ደህና የነበረ መኪና ነው። የሞተር ችግር ርካሽ ነው፣ የዝገት ችግር ውድ ነው። ገና ብዙ ካላወጣህበት፣ ሞተሩ የሞተ ግን ቦዲው ጤነኛ የሆነ ሌላ ኤምጂቢ ፈልግና ያንተን ለዕቃ አድርገው።

አልሸጥም ካልክ ደግሞ መጽናኛው ይኸውልህ። ይህ መኪና በፈረንጆቹ ከ1962 እስከ 1980 ተመርቶ ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን አልፏል። ስለዚህ ዕቃው አልጠፋም። የቦዲ ቁርጥራጮቹ ዛሬም አዲስ ይሠራሉ። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የሚባለው ድርጅት ከ1988 ጀምሮ ሙሉ ቦዲ ሳይቀር ያመርታል። እሱ ላንተና ለእኔ ኪስ አይደለም፤ ነገር ግን ቁርጥራጩ በየተራ ሊገዛ ይችላል። ጣሪያው ድፍን የሆነውን፣ በ1965 የመጣውን ጂቲ የሚባለውን ካገኘህም ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የፊት እግሩ አብዛኛው ይገጥምልሃል።

ላሜራ ቀጥቃጭ፦

ልጄ፣ አይሸጥም። ይሠራል። ግን እንደ ሥርዓቱ።

ተሸካሚው አንድ ብረት እንዳይመስልህ። የውስጥ ላሜራ አለ፣ የውጭ አለ፣ በመሐላቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ሌላ ላሜራ አለ፣ ከታች ደግሞ ሁሉንም የሚያያይዝ አለ። የሚያሳዝነው ሥራ የውጩ ሲበሳ አዲስ ላሜራ ከላይ መለጠፍ ነው። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ውስጡ ግን መበስበሱን ይቀጥላል፣ አሁን እንዲያውም ማንም አያየውም። የሞተውን ቆርጠህ ጥሩ ብረት እስክታገኝ ሂድ።

ሳትቆርጥ በፊት በሩን አውጣና የበሩን ክፍት ቦታ ደግፈው። የፊተኛው የማጠፊያ ምሰሶ ከኋለኛው የቁልፍ ምሰሶ ጋር በካሬ ቱቦ ይያያዝ፤ ላይና ታች ሁለት፣ በመሐል አንድ አግድም። ቱቦውን በማጠፊያው ቡሎን ቀዳዳዎች ብታስረው እንደገና መፍታት አይቸግርህም። መኪናው በክብደቱ ልክ ይቀመጥ። ወይ በአራቱ ጎማ ይቁም፣ ወይ ጎማው በሚሸከምበት ቦታ ላይ ይደገፍ። በመሐል በክሪክ ተወጥሮ ከተበየደ በዚያው ቅርጹ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በሩ ዕድሜ ልኩን አይገጥምም።

አንድ ጎን ጨርስ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፍ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳትከፍት።

የፊት ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው የቦዲ ክፍል) በቡሎን የታሰረ ነው፣ ይፈታል። አውጣው። የተሸካሚው ጫፍ እሱ ሥር ገብቶ ነው የሚያልቀው፣ ጭቃና እርጥበት የሚጠራቀመውም እዚያው ነው። ብዙ ሰው ፓራፋንጎውን መፍታት ሰልችቶት በሩ ጠርዝ ላይ ቆርጦ ይበይዳል። ሥራውን ለማየት ስትፈልግ መጀመሪያ እዚያ ጋ እይ። የኋላው ግን የተበየደ ነው፣ የታችኛውን ጥግ መቁረጥ ግድ ነው።

አዲሱን ላሜራ በመያዣ ያዘው፣ በነጥብ በነጥብ ብቻ በይደው፣ ከዚያ ድጋፉን ፈትተህ በሩን አንጠልጥልና ዝጋው። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው? እኩል ካልሆነ ነጥቦቹን መቁረጥ ቀላል ነው። እኩል ከሆነ በሩን አውርደህ ድጋፉን መልስና ጨርሰው።

ብየዳው ላይ፦ አጥር የበየድክበት ባለ ዘንግ ማሽን ላሜራውን ይበሳዋል። ባለ ጋዝ ሚግ ተከራይ ወይም ተዋስ፣ ሽቦው 0.6 ሚሊሜትር ይሁን። እዚህ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ አንድ ነጥብ፣ ብረቱ እስኪበርድ ጠብቅ። በአንድ መስመር ከጎተትከው በሙቀቱ ይጣመማል። አንድ ነገር ጥብቅ አድርጌ ልንገርህ፤ ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ ያጸዳኸውን ብረት እንዳትበይድ። ሙቀት ሲነካው ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይሆናል። የቤንዚን ሰልባትዮው መጀመሪያ ይውጣና ከቤት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ምንጣፉም ይውጣ። ሥሩ የተቀባው ጥቁር ቅባት ስለሚቀጣጠል ከምትበይድበት ዙሪያ ቀድመህ ፋቀው። ከጨረስክም በኋላ ቶሎ ጥለህ አትሂድ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚጨስ ነገር አይጠፋም።

ጀማሪው፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የበሩን ፈተና ሠራሁት። በግራ በኩል ምንም አይልም። በቀኝ በኩል ሳነሳው በሩ ከላይ ይነክሳል። የባሌስትራዎቹ መያዣ ግን ደህና ነው፣ መዶሻው ይጮኻል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ዝገቱን በአቸቶ ማንሳት ይቻላል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው? ቦዲውን በሙሉ በአሸዋ ማስመታትስ አይሻልም?

ቁልፍ 13፦

አቸቶ ይሠራል፣ ግን ለትናንሽ ዕቃ። ማጠፊያ፣ መያዣ፣ ሮንዴላ ነክረህ ታሳድራለህ፣ በብሩሽ ትፈትጋለህ፣ ሶዳ ባለው ውሃ ታጥባለህ፣ ወዲያው አድርቀህ ትቀባለህ። ትንሽ ከቆየ ዓይንህ እያየ ተመልሶ ይዝጋል። ሞላና ጠንካራ ቡሎን ግን አትንከር። አሲዱ የሚፈጥረው ሃይድሮጂን ጠንካራ ብረት ውስጥ ገብቶ ተሰባሪ ያደርገዋል።

በባትሪ ቻርጀርና በልብስ ማጠቢያ ሶዳ የሚሠራም አለ። ዕቃው ኔጋቲቩ ላይ፣ ቁራጭ ተራ ብረት ፖዘቲቩ ላይ። ማይዝግ ብረት ግን እንዳትጠቀም፣ ውሃው መርዝ ይሆናል። አየር ያለበት ቦታ ይሁን፣ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል።

አሸዋው ለእግሮቹና ለወፍራም ዕቃ ደህና ነው። ሰፋፊ ላሜራ ላይ፣ በተለይ ኮፈኑና በሮቹ ላይ፣ በማያውቅ እጅ ከተመታ ብረቱ ይወላገዳል። እዚያ ላይ የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ፎስፎሪክ አሲድ ያለው ዝገት ማጥፊያ፣ ከዚያ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም)። ያ ፈሳሽ የሚሠራው ሥሩ ደህና ብረት ካለ ነው። ወንፊት የሆነን ላሜራ መልሶ ብረት አያደርገውም።

ካንዴላ፦

ስለ ቦዲው ጋሼ ስለነገሩህ እኔ ወደ ሞተሩ ልግባ። 1,798 ሲሲ ነው፣ ልበ ጠንካራ ሞተር ነው። ተጣበቀ ማለት ሞተ ማለት አይደለም።

ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውጣ። በየቀዳዳው የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅለህ ጨምር፤ ካምቢዮ ስል የአውቶማቲኩን ቀዩን ዘይት ነው። ተወው፣ እየደጋገምክ ጨምርበት። ከዚያ አራተኛ ማርሽ አስገባና መኪናውን ወደፊት ወደኋላ ወዝውዘው። በስታርተር እንዳትሞክር! የተጣበቀ ፒስቶን በጉልበት ሲላቀቅ ቀለበቱን ይዞ ይሰበራል። በእጅ መዞር ከጀመረ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር። ካንዴላዎቹ እንደወጡ በስታርተር አዙረው፣ የዘይት ግፊቱ ሲነሳ ማየት አለብህ። ተነስቶ ሞቆ በመደበኛ ፍጥነት ሲዞር ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ ካሳየ ሙሉ ኦቨርሆል ምን ያደርግልሃል?

ሁለቱን ካርቡራተሮች አጽዳ፤ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ከላይ ክዳናቸው ውስጥ ትንሽ ዘይት መኖሩን እይ፣ ያ ከጎደለ ቤንዚን ስትሰጠው ያንቃል።

ፍሬኑ ላይ ግን አትቆጥብ። ቱቦዎቹን በመዳብና ኒኬል ቅይጥ ቀይራቸው። አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። የጎማ ቱቦዎቹን ከውጭ ደህና መስለው ቢታዩም ጣላቸው። ውስጣቸው አብጦ ዘይቱን መመለስ ይከለክላሉ፣ እግርህን ብታነሳም ጎማው እንደታሰረ ይቀራል። ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ፍታና ውስጡን እይ። ሲሊንደሩ ካልተቦረቦረ ጎሚኒውን (የውስጡን የጎማ መዝጊያ) መቀየር ይበቃል።

ባትሪው ላይ ትንሽ ትርፍ አለህ። ሁለት ሣጥን የሆነው ፋብሪካው ሁለት ባለ 6 ቮልት ስለገጠመ ነው። አንድ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ በአንደኛው ሣጥን ውስጥ ይገባል። አንዱን ሣጥን አሳምረህ ሥራ፣ የሌላውን ታች ብቻ ድፈን።

ቀጭን በጀት፦

እሺ፣ እኔም ተሸነፍኩ፤ የባሌስትራው መያዣ ደህና ከሆነ ይሠራ። ግን ቀለሙን እርሳው። ተሸካሚው፣ ወለሉ፣ ፍሬኑ፣ ከዚያ ሞተሩ። አንቲረስት ተቀብቶ የሚሄድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ከሚያብረቀርቅ ይሻላል። ለባለሙያ የምትሰጠው ካለ የመጨረሻውን የተሸካሚ ብየዳ ስጥ። መፍታቱን፣ መቁረጡን፣ መፋቁንና በነጥብ መያዙን ራስህ ከሠራኸው ለእሱ የሚቀረው አጭር ሥራ ነው።

ጀማሪው፦

ካሬ ቱቦውን አዘጋጅቻለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በየትኛው ጎን ልጀምር? ቀኙ ነው የባሰበት።

ላሜራ ቀጥቃጭ፦

በግራው ጀምር። ቅርጹን ያልሳተ እሱ ነው፣ እጅህም የሚለመደው በእሱ ላይ ነው። ሳትነካው በፊት ከማጠፊያ ምሰሶ እስከ ቁልፍ ምሰሶ ያለውን ርቀት ላይና ታች ለካና እዚያው ብረቱ ላይ በማርከር ጻፈው። ቀኙን ስትደርስበት ያ ልክ ይመራሃል። ቀኙ ስለወረደ ድጋፉን ከማሰርህ በፊት ቦዲውን ቀስ እያልክ ከመሐል አንሳ፤ ልኩ ከግራው ጋር ሲገጥም ብቻ እሰር።

ሲያልቅ ደግሞ ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በብየዳ ወይም በቀለም እንዳትደፍን። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በቀጭን ቱቦ ውስጡን ሰም ንፋበት፣ ከየቀዳዳው ሲንጠባጠብ እስክታይ ድረስ።