ድንቅነሽና 7500 ዓመት፦ «አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት» ብሎ መመለስ ያስኬዳል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደጋግመው የሚያነሡት ነው። በዓመተ ዓለም ቁጥር ከአዳም እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500፣ እስከ ዛሬ ከ7500 በላይ ነው። ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ግን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። «በእግዚአብሔር ዘንድ ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ነው» ብሎ ማለፍ ይበቃል?

መልስ 1፦
አይበቃም። ስድስቱን ቀን በሺህ ብታባዛው 6000 ነው፤ ሚሊዮን አይሞላም። ሐሳቡ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 4 አዳም ሺህ ሊሞላው 70 ሲቀረው ሞተ ይልና፣ ሺህ ዓመት በሰማይ እንደ አንድ ቀን ስለሆነ «በበላህ ቀን ትሞታለህ» የተባለው ደረሰ ብሎ ይፈታዋል። «ቀን»ን አስፍቶ ማንበብ እንግዲህ ለዳርዊን ሲባል የመጣ አይደለም። ግን ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት የሚተርከው መጽሐፍ አክሲማሮስ ፍጥረትን ከእሑድ እስከ ዓርብ በየዕለቱ ስለሚቆጥር «አባቶች ሁሉ እንዲህ አሉ» እንዳትል። ቁጥሩም ቢሆን፦ ሴት ሲወለድ አዳም በዕብራይስጡ 130፣ በሰባ ሊቃናት (በግሪክኛው ትርጉም) 230 ዓመቱ ነው። ወደ 5500 የሚያደርሰው የሁለተኛው ስሌት ነው።

መልስ 2፦
ከሥነ ሕይወት በኩል፣ ድንቅነሽን ከአዳም ጋር ማጋጠሙ ራሱ ስሕተት ነው። አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ናት፤ የእኛ ዝርያ አይደለችም። የእኛን ከፈለጋችሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው አፅም አለ፤ ከአፅሙ በላይ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ተጠንቶ በ2022 እ.ኤ.አ. ዕድሜው ቢያንስ ወደ 230 ሺህ ዓመት ተብሏል።
«ሳይንስ ሔዋንን አገኘ» የሚለውንም ተዉት። ማይቶኮንድሪያዊቷ ሔዋን (ከእናት ብቻ የሚወረሰው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሕዋስ ክፍል ዘረ መል ሲቆጠር የሁላችን የጋራ እናት) በዘመኗ ብቻዋን አልነበረችም። የእናት ለእናት ሐረጓ ሳይቋረጥ እኛ ዘንድ የደረሰ እሷ ብቻ መሆኗ ነው፤ የሌሎቹ ሴት ልጅ ያልተወለደበት ትውልድ ላይ ቆሟል።
ከቺምፓንዚ ጋር ላለን ዝምድና ማስረጃ ሁለተኛው ክሮሞሶማችን (ክሮሞሶም በሕዋስ ውስጥ ዘረ መል የሚሸከም ነው) ይበቃል። ቺምፓንዚ 48፣ እኛ 46 ነን፤ የእኛ ሁለተኛ ክሮሞሶም መሐሉ ላይ የጫፍ ምልክት ይዟል፤ ሁለት ክሮሞሶሞች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው የተሠራ ነው።

መልስ 3፦
ዕድሜው ቀላሉ ነው። ከባዱ ሮሜ 5፥12 ነው፤ ኃጢአት «በአንድ ሰው» ገባ ይላል፣ የጂን ጥናት ደግሞ የዘር ግንዳችን ሺዎች የነበሩበት ሕዝብ እንጂ ጥንድ አይመስልም ይላል። የካቶሊኩ ፓፓ ፒዮስ 12ኛ በ1950 እ.ኤ.አ. ሥጋ ከቀደመ ሕያው ፍጥረት መምጣቱ እንዲጠና ፈቅደው፣ ነፍስ በቀጥታ ከእግዚአብሔር ናት ብለው፣ ብዙ አዳሞች የሚለው ላይ ግን በሩን የዘጉት ለዚህ ነው።
አንዳንድ ፕሮቴስታንቶች «አዳም ከብዙዎች መካከል የተመረጠ አለቃ ነው» ይሉና የቃየንን ሚስት ይጠቅሳሉ፦ ሌላ ሰው ከሌለ ከየት አገኛት? ይህ ክርክር ኩፋሌን በምንቀበል በእኛ ዘንድ አያልፍም። ኩፋሌ ሚስቱ እኅቱ አዋን ናት ብሎ በስም ጠርቷታል።