ቲማቲሜ በአንድ ጎኑ እየጠወለገ ነው፤ ምን ልዝራ?

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በፓምፕ የማጠጣው ቲማቲም ፍሬ እንደያዘ እየጠወለገብኝ ነው። ቅጠሉ መጀመሪያ በአንድ ወገን ብቻ ቢጫ ይሆናል፤ ግንዱን በቢላ ስሰነጥቀው ከልጡ ሥር ቡናማ መስመር አለ። ቆርጬ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ባቆመውም ወተት የሚመስል ፈሳሽ አልወጣውም። ስለዚህ ባክቴሪያ ሳይሆን ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

የተከልሁት ሮማ ቪኤፍ ነው። «ኤፍ» ማለት ፉዛሪየምን ይቋቋማል ማለት ነው ብለው ሸጡልኝ (እኔም የዋሁ አመንሁ)፤ ኋላ ሳነብ ግን የሚቋቋመው ከፈንገሱ 3 ዓይነቶች 1ኛውን ብቻ ነው። ለ2ኛው አይ-2፣ ለ3ኛው አይ-3 የሚባል ዘረመል ያስፈልጋል።

እባካችሁ፣ የያዘኝ የትኛው እንደሆነ በምን ልለይ? አይ-3 ያለው ዘር ባሕር ዳር አካባቢ ያገኘ ሰው አለ? ፈንገሱ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ መሬቱን ለጊዜው በቆሎ ልዝራበት?