ለክረምት በጎ ፈቃድ ኪጋሊ ልሄድ ነው፣ ስደርስ ምን ይጠብቀኛል?

ቤዛ_ነኝ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። በክረምቱ ሩዋንዳ ኪጋሊ ሄጄ ስምንት ሳምንት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ልሰራ ነው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሰፈር ልጆች ንባብ የሚያለማምድ ፕሮጀክት ነው። ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ኤርፖርት ሰው ይቀበልሻል ብለውኛል ከዛ ውጪ ግን ብዙም አልነገሩኝም፣ ቪዛ ለኛ ነፃ ነው ሲባል ሰማሁ እውነት ነው? ምን ልያዝ? ፍልሰታም እዛው ነው የሚይዘኝ፣ የፆም ምግብ ይገኛል ወይ? እማዬ ከኔ በላይ ተጨንቃለች እና እዛ የኖራችሁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ።

የኪጋሊው፦
እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። ቪዛው አዎ፣ ለአፍሪካ ህብረት አገር ዜጎች ስትደርሺ በነፃ ነው ግን ለ30 ቀን ነው፣ አንቺ ስምንት ሳምንት ነው ያልሽው። ስለዚህ የጠራሽ ድርጅት ለበጎ ፈቃደኛ የሚሆነውን ፈቃድ እንዲጨርስልሽ አሁኑኑ ጠይቂያቸው፣ ደብዳቤውንም ፕሪንት አርገሽ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልግሻል፣ ከበረራው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመሽ ተከተቢ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ መቋጠሯ አይቀርም፣ ብቻ በፌስታል አይሁን፣ እዚህ ፌስታል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሻል። ብር ማንም አይመነዝርልሽም ዶላር ያዢ፣ ያረጀና የተቀደደ ኖት አይቀበሉም። የዝናብ ልብስ ተይው፣ አገራችን ዶፍ ሲወርድ እዚህ በጋ ነው፣ አቧራ ነው፣ ማታ ማታ ግን ሹራብ ያስፈልጋል። ሰዓት በአንድ ሰዓት ከኛ ወደኋላ ነው። ደግሞ በኪንያርዋንዳ ሲያወሩ ሰዓቱን እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን እንደ ፈረንጅ ነው፣ ቀጠሮ ሲሰጡሽ በየትኛው እንደሆነ ጠይቂ።

ሲስተር_መ፦
የኔ እህት ወባን እንዳትረሺ። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወባ አያውቅም፣ ኪጋሊ ግን ወደ 1500 ሜትር ነው ከፍታዋ፣ ወባ አለ። ሳትሄጂ ሐኪም አማክሪና የመከላከያ መድኃኒት ያዝልሽ፣ አጎበር የሌለው አልጋ ከሰጡሽ ጠይቂ አትፈሪ። ትኩሳት ከተሰማሽ በዛኑ ቀን ተመርመሪ፣ አዲስ ከተመለስሽ በኋላም ቢሆን ካመመሽ ሩዋንዳ ነበርኩ ብለሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ካልነገርሽው ላያስበው ይችላል።

ዳኒ_ከሐዋሳ፦
እኔ እዛ በጎ ፈቃድ ሰርቻለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ስራ ላይሰጡሽ ይችላል፣ ቁጭ ብለሽ ማየት ብቻ ነው፣ እና ያናድዳል፣ ስንቱን ትቼ የመጣሁት ለዚህ ነው ያሰኛል። ግን ልጆቹን ዓመቱን ሙሉ የሚያስተምሯቸው መምህራን አሉ፣ ስማቸውን ፀባያቸውን ማን ምን እንደሚከብደው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ አንቺ ደግሞ በስምንት ሳምንትሽ ትሄጃለሽ። ስለዚህ ከመምህሯ አጠገብ ተቀምጠሽ እሷ በምትሰራበት መንገድ አግዣት፣ አዲስ ዘዴ አመጣሁ ብለሽ አትግቢ፣ ስትሄጂ የሚፈርስ ነገር አትጀምሪላቸው። ከረሜላ ማደልና የልጆቹን ፎቶ መለጠፍም ይቅርብሽ፣ የሰው ልጆች ናቸው ወላጅ አላቸው።

ሌላው ከሁሉ በላይ የምለምንሽ፣ ማንንም ሁቱ ነህ ቱትሲ ነህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። እኛ አገር ብሔርህ ምንድነው ማለት ለምደናል እዛ ግን እ.ኤ.አ. በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ ቤተሰቡን ያጣ ሰው ነው አጠገብሽ የሚቀመጠው። ስራ ከመጀመርሽ በፊት ጊሶዚ የሚባለው ሰፈር ያለውን የጭፍጨፋውን መታሰቢያ ሄደሽ እዪ፣ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ያረፈበት ነው፣ ብቻሽን አትሂጂ ከባድ ነው። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ኡሙጋንዳ አለ፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቦይ ይጠርጋል መንገድ ይጠግናል፣ አካፋ ተቀብለሽ አብረሽ ውጪ፣ እኔ ጎረቤቶቼን የተዋወቅኩት እዛ ነው።

የኪጋሊው፦
ፆሙን ረስቼው፣ ችግር የለም። ባቄላ፣ ሙዝ ቅቅል፣ ሩዝ፣ ኡቡጋሊ የሚሉት ገንፎ አለ። ኢሶምቤ የካሳቫ ቅጠል ነው ይጣፍጣል ግን አንዳንዱ ስጋ ወይ ዓሳ ይጨምርበታል ጠይቀሽ ብዪ። የሐበሻ ምግብ ቤትም አለ።

ቤዛ_ነኝ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! የ30 ቀኑን ነገር ጭራሽ አላወቅኩም ነበር፣ አሁን ኢሜይል ፃፍኩላቸው። ሲስተር፣ የወባ መድኃኒቱን ከበረራው ስንት ቀን ቀድሜ ነው የምጀምረው?

ሲስተር_መ፦
እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ነው፣ አንዳንዱ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ይጀመራል አንዳንዱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለክትባቱ በምትሄጂበት ቀን አብረሽ ጨርሺው።